ዘጠነኛው ዳዶ

ቨርና ኩባሌክ ስታንዊክ መኪና ፋብሪካ ስትቀጠር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር 1951፣ ሴፕቴምበር ላይ ነው። የግሬንዲን ከተማ ፖም ገና ተለቅሞ አላለቀም ነበርና አባቷ «ፖሙ ዛፍ ላይ እያለ የት ነው የምትሄጂው?» ብሎ አኮረፈ። እሷ የእናቷን ጫማ ተውሳ፣ ጣቱ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቃ ሄደች። ጫማው ሰፊ ነበር።

ያን ጊዜ ስታንዊክ ገባሁ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ከተማው በፋብሪካው ፉጨት ይነሳል፣ በፉጨቱ ይበላል፣ በፉጨቱ ይተኛል። የቄሱም መኪና፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ ሬሳ የሚያመላልሰውም ስታንዊክ ነው። የሌላ ፋብሪካ መኪና የገዛ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሁለት መንገድ አልፎ ያቆምና በእግሩ ይመለሳል እንጂ ደጃፉ ላይ ለማቆም ፊት የለውም።

ቨርናን በር ላይ መደቧት፤ የግራውን የፊት በር፣ የነጂውን። ቀለም ተቀብቶ ይመጣላታል። የመስተዋቱን ማንሻ ትገጥማለች፣ እንዳያስተጋባ ውስጡን ወፍራም ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ የውስጥ ሽፋኑን በትንንሽ መያዣዎች ጠቅ ጠቅ አድርጋ ትዘጋዋለች፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ ቁጥሯን፣ 212ን፣ በማኅተም ትመታለች። ከመምታቷ በፊት በመዳፏ ሥር ላሜራውን አንድ ጊዜ ቧ ታደርገዋለች። ድምፁ ካልጣማት ትከፍተዋለች። ማንም አላስተማራትም፤ እንዲሁ ጆሮዋ የለመደው ነገር ነው።

ኤልመርን ያገኘችውም እዚያው ነው። ቀለም ቤት ይሠራ ነበር። በተጋቡ ጊዜ ማታ ማታ የዕለቱን ቀለም ከጆሮው ጀርባ ታገኘዋለች፤ ሰኞ ቢጫ፣ ማክሰኞ የባሕር አረንጓዴ። ትስቅበት ነበር። ቀለሙ ከጆሮው ጀርባ ብቻ እንዳልቀረ፣ ሳንባው ውስጥም እየገባ እንደነበር የታወቀው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ደግ ዓመታት ነበሩ እነዚያ። ከዚያ የቤንዚን ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የስታንዊክ መኪና ደግሞ እንደ ጀልባ ረጅም፣ እንደ በሬ ጠጪ ነበር። ሰው ከባሕር ማዶ የመጡትን ትንንሾቹን መግዛት ጀመረ። ባለቤቶቹ ሌላ መኪና ከማሰብ ይልቅ መስመሩን አፈጠኑት። በሰዓት አርባ በር ይዘጋ የነበረው ስድሳ ስምንት ሆነ። ሽንት ቤት ለመሄድ እጅ ማውጣት፣ እጅ አውጥቶም መለመን መጣ። ያን ጊዜ ነው ደወል መስቀል የተጀመረው።

ደወል ያሉት እነሱው ናቸው። የተናደደ ሠራተኛ ከባድ የቡሎን ዳዶ በአጭር ሲባጎ አስሮ በሩ ውስጥ ያንጠለጥላል። ቶሎ እንዳይሰማ ዳዶውን በጥቁሩ የመስተዋት ማጣበቂያ ላሜራው ላይ ይለጥፈዋል። መኪናው ይሸጣል፤ ማጣበቂያው አንድ ቀን ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል። ከዚያ ወዲያ፣ የግራ በር ከሆነ፣ መኪናው ወደ ቀኝ በታጠፈ ቁጥር ዳዶው ወደ ውጭ ተወናጭፎ ላሜራውን ኳ ያደርገዋል። አቁመው በሩን ቢነቀንቁት ጨርቁ ላይ ያርፍና ዝም ይላል። ሰውዬው ጋራዥ ለጋራዥ ሲንከራተት ይኖራል። አንዳንዶቹ አጠገቡ ወረቀት ይተዋሉ፤ «አገኘኸኝ አይደል፣ ስንት ወር ፈጀብህ?» የሚል።

የዚህ ነገር ጌታ ሊሮይ ስትራውድ ነበር፤ የቀኙን በር የሚዘጋ፣ ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው። ቨርና አፍ አውጥታ ትሰድበው ነበር።

«ያ ገዢ ምን በደለህ?» ትለዋለች።

«ገዢው ምንም። የሚያማርረው ግን ለባለቤቶቹ ነው።»

«ለነሱ ማን ይደርሳል። ሚስቱን ሐኪም ቤት ሲያደርስ ነው የሚንኳኳበት።»

«አንቺ ጸልዪልን ቨርና፤ እኛ እንሰቅላለን።»

በ1980 ኖቬምበር ላይ ፋብሪካው ተዘጋ። ለሠራተኛው የነገረው የለም። ቨርና ሸሚዝ እየተኮሰች ሬዲዮ ላይ ነው የሰማችው፤ ከአየሩ ሁኔታ ቀጥሎ፣ ከኳሱ በፊት። በመጨረሻው ቀን የአንድ ክፍለ ሀገር ፖሊስ አዝዞ የሰረዛቸው ሰማያዊ በሮች ነበሩ በመስመሩ የሚያልፉት። የሚገጠሙበት መኪና የለም፤ ተዘግተው ወደ መጋዘን ይሂዱ ተባለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችበት ቤት የመጨረሻ ሥራዋ ለማንም የማይሆን በር መዝጋት ሆነ። ዘጠኝ በር ቀርቷት ነበር። ከሳጥኑ ዘጠኝ ዳዶ አነሳች። አሰረች፣ ለጠፈች፣ ዘጋች፤ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱን 212 ብላ ማኅተም መታችበት። ሰው ደወል ሰቅሎ ቁጥሩን ይመታል? እሷ መታች። ያለ ማኅተም በር አሳልፋ አታውቅምና።

ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ተደወለ። ሃስኬል የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከውጭ መጥቶ፣ ባንኮቹን ለምኖ፣ ዊሎው የምትባል ትንሽ መኪና ሊያወጣ ነው። ከአምስት ሺህ ሰው ሦስት መቶ አርባ ተጠራ፣ በቀደምትነት። ቨርና ተጠራች። ጓደኛዋ ኦዴሳ ፕሩይት፣ ወንበር ሰፊዋ፣ ተጠራች። ስትራውድም ተጠራ።

ቨርና ለመመለስ ለምን እንደተጣደፈች ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ከነባለቤቱ ዕድሜ ልኩን በፋብሪካው ይታከማል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከምናምን ያለው ግን ሲወጣ ምንም የለውም። ኤልመር ቀለም ቤቱ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በሕመም አሰናብቶታል፤ አሁን በየሳምንቱ ሐሙስ ሐኪም ቤት ሄዶ ለሳንባው ካልታከመ ደረጃ አይወጣም። ቨርና ስትጠራ የቀራት ዐሥር ወር ነበር።

በአዲሱ መስመር የፊት መስተዋት ጎማ ላይ መደቧት። በሩን አላየችውም፤ ማለትም አይታዋለች፣ ግን ልብ አላለችም። ዊሎው ሞተሯና አፍንጫዋ አዲስ ነው እንጂ በሯ የድሮው ነው፤ አዲስ የበር ቅርጽ ለማውጣት ገንዘብ አልነበረም። ከብድሩ በፊት የባንኮቹ ሰዎች መጥተው የሚነዷቸው ዐሥራ ሁለት መኪኖች ሲሠሩ ደግሞ ሃስኬል «መጋዘን ያለቀለት ሰማያዊ በር አለ አይደል? ሁሉንም ሰማያዊ ቀቡልኝ» አለ። ብልህ ሰው ነው ተብሎ ተወራለት።

ኤፕሪል ነው፤ የባንኮቹ ሰዎች ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይመጣሉ። ማክሰኞ ጠዋት የሙከራ ነጂው ከመንገዱ ተመልሶ ከአንዷ መኪና ወረደና ፎርማኑን ክላይድ ሬንፍሮን ጠራው።

«አራት ቁጥር ትንኳኳለች።»

«ምኗ?»

«እኔ ምን አውቄ። ወደ ቀኝ ስታጥፋት አንድ ኳ። ስታቆማት የለም።»

መሐንዲሶቹ ወረዱባት። ወንበሯን አወጡ፣ የኋላ ሣጥኗን ገለበጡ፣ ፓራፋንጎዋን ፈቱ። ቨርና ከመስመሩ ማዶ ካቻቢቴዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። መንካት አላስፈለጋትም። ወደ ቀኝ ስታጥፋት አንድ ኳ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኦዴሳ አጠገብ ተቀመጠች።

«ኦዴሳ፣ ያ ድምፅ የኔ ነው።»

«ምኑ ነው ያንቺ?»

«ደወሉ። እኔ ነኝ የሰቀልኩት፣ የዘጋን ዕለት።»

ኦዴሳ ሳንድዊቿን አስቀመጠች። «አንቺ? በስብከት ልትገድይን አልነበር?»

«ነበር።»

«ስንት?»

«ዘጠኝ።»

«አንድ ሁለት ብትይ አይበቃሽም ነበር፣ ስግብግብ።» ግን አልሳቀችም። ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ እህቴ። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው የግራ በር ሠላሳ ነው፤ ዐሥራ ሁለቱ ናቸው መኪና ላይ ያሉት። አራት ቁጥርን ይደብቋታል፣ በዐሥራ አንዱ ይነዳሉ። አንቺ አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

«ሌላዋም ብትንኳኳስ?»

«አትንኳኳም በያ።»

«ባንኩ ገንዘቡን ይዞ ከሄደ ይሄ ፋብሪካ ሦስተኛ አይከፈትም።»

«ኤልመርስ? ደወል የሰቀለ ይባረራል፣ ደንቡ ግድግዳው ላይ ነው። እኔ አንቺን እንጂ ፋብሪካውን አላጎረስኩም።»

ቨርና እውነትም አፏን ልትዘጋው ነበር። ኤልመር ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ትንፋሹን የሚጠብቅበት አቀማመጥ ዐይኗ ላይ ነበርና ልትዘጋው ነበር።

ከምሳ ሲመለሱ ሬንፍሮ ሊሮይ ስትራውድን በሁሉም ፊት አቁሞታል።

«አንተ ነህ።»

«አይደለሁም፣ ክላይድ።»

«ድሮ ማን ነበር የሚሰቅል? የኔ አያት?»

«ድሮ ሰቅያለሁ። አሁን አልሰቀልኩም። ከተጠራሁ ጀምሮ እጄ ንጹሕ ነው።»

«ካርድህን አምጣ። ከግቢው ውጣ።»

ስትራውድ አልተከራከረም። ካርዱን ከደረት ኪሱ ማውጣት ጀመረ፤ ግን ቁልፉ እምቢ አለው። ያ ፊቱ የማይፈታ ሰው የኪሱን ቁልፍ መፍታት አቃተው። ቨርና ያንን አየች።

«ተወው፣ ክላይድ» አለች። «የኔ ነው።»

ሬንፍሮ መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ነበር።

«ሂጂ ጎማሽን ግጠሚ ቨርና፣ ዛሬ ለጨዋታ ጊዜ የለኝም።»

«የአራት ቁጥርን የነጂ በር ክፈተው። ከመስተዋቱ ማንሻ በታች፣ ከጨርቁ ጀርባ። ቁጥሬም አለበት።»

ከፈቱት። ዳዶው በሲባጎው ተንጠልጥሎ ወጣ። ጠርዙ ላይ 212።

ሃስኬል ከቢሮው ወርዶ መጣ። ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ዳዶውን በመዳፉ ይዞ ትንሽ መዘነው።

«ስንት ናቸው፣ ሚስዝ ኩባሌክ?»

«ዘጠኝ።»

«የትኞቹ በሮች ላይ?»

«ይህን አላውቅም ጌታዬ። መጋዘን ሲገቡ ተደባልቀዋል።»

«ማግኘት ይችላሉ?»

«እሞክራለሁ።»

«ስለ ሌላው በኋላ እንነጋገራለን» አለና ሰዓቱን አየ። ሰባት ተኩል ነው።

መጋዘን የቀሩትን ዐሥራ ስምንት በሮች ማንም ስለማያያቸው በካቻቢቴ ፈለቀቋቸው። አምስት ዳዶ ወጣ። መኪኖቹ ላይ ያሉት ግን እንዲያ አይሆኑም። ሽፋኑ ሲነሳ መያዣዎቹ ይሰበራሉ፤ መለዋወጫ መያዣ ደግሞ ለአራት በር የሚበቃ ብቻ ነበር፤ ከአራት ቁጥር በኋላ ለሦስት። ስለዚህ ቨርና ከሙከራ ነጂው ጎን ተቀመጠች፤ ዐሥራ አንዱንም መኪኖች አንድ በአንድ ወደ ቀኝ እያጠፈ ዞረላት። ማሞቂያውን አስጠፋች፣ እንዳያወራ ነገረችው። በሰባት ቁጥር ኳ ሰማች። በዐሥራ አንድ ቁጥር እሱ ምንም አልሰማም፤ እሷ ሰማች። ሁለቱም ተከፈቱ፣ ሁለቱም ላይ ነበር።

ሬንፍሮ ጣቱን ቆጠረ። «አምስትና ሦስት ስምንት። በቃ።»

«ዘጠኝ ናቸው።»

«ምናልባት ተሳስተሽ ይሆናላ። ሰው ሲናደድ ይቆጥራል?»

«እኔ ቆጥሬያለሁ።»

«ዘጠኝ መኪና ቀርቷል፤ መያዣ የቀረኝ ለአንድ በር ነው። ዘጠኙን ልፈልቅቅና ባንኩ ሽፋኑ የተንጠለጠለ በር ይክፈት? የቀሩት ደግሞ አይንኳኩም፤ ራስሽ ሰምተሻል።»

«ያልተንኳኳው ማጣበቂያው ስላልለቀቀ ነው። ነገ ባንከሮቹ በዚህ ብርድ ማሞቂያውን ከፍተው ነው የሚነዱት።»

ሬንፍሮ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ያን ጊዜ ኦዴሳ ከኋላ ሆና ተናገረች፤ በምሳ ሰዓት አፍሽን ዝጊ ያለችው ኦዴሳ።

«ሙቀት ነው የሚያስለቅቀው?»

«አዎ።»

«እና በሩን ከውጭ ብናሞቀውስ? በፀጉር ማድረቂያ?»

ወንዶቹ ሳቁ። ኦዴሳ አልጠበቀቻቸውም። ቤታቸው ቅርብ የሆኑትን ሴቶች በየስማቸው ጠራች። ግማሾቹ ሄዱ። ግማሾቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ፤ አንዷ ቨርና እየሰማች «እኔ ለሷ ደወል ቤቴ ድረስ አልሮጥም፤ ባሌ እስካሁን አልተጠራም» አለች። እውነቷን ነው፤ ቨርና አልተቀየመቻትም።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ዘጠኙ ሰማያዊ መኪኖች ተሰልፈው፣ በየበራቸው አንዳንድ ሴት ሮዝና ነጭ ማድረቂያዋን ደግና ቆመች። ቀለሙ እንዳይነሳ ማድረቂያውን እያንቀሳቀሱ፣ በመዳፋቸው ሙቀቱን እየለኩ። ቨርና ከመኪና መኪና እየሄደች ጆሮዋን መስተዋቱ ላይ ትለጥፋለች። የማድረቂያው ጩኸት ያደነቁራል፤ በየአምስት ደቂቃው «አጥፉ» ትላለች፣ ያጠፋሉ፣ ትሰማለች፣ «አብሩ» ትላለች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። አርባ። ሬንፍሮ ሰዓቱን ያያል። ቨርና ራሷን መጠራጠር ጀመረች። ምናልባት ስምንት ይሆን? ስምንት ብትል ሁሉም ቤቱ ይገባል። ማንም አይጠይቃትም።

«አጥፉ» አለች እንደገና።

ዝምታ። ከሁለት ቁጥር ውስጥ፣ ማንም ሳይነካት፣ ትንሽ ነገር ወደቀ። ታክ።

ሁሉም ሰምቶታል። ሬንፍሮ ራሱ በካቻቢቴው ከፈተው፤ በቀሩት መያዣዎች ራሱ ዘጋው።

ረቡዕ ባንከሮቹ መጡ። ቨርና እንድትሠራ አልተፈቀደላትም፤ ቤት ሁኚ አልተባለችምና ከሽቦው አጥር ውጭ ካፖርቷን ደርባ የሙከራውን መንገድ መታጠፊያ ስታይ ዋለች። ዐሥራ ሁለቱ ሰማያዊ መኪኖች በፊቷ ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። የጎማ ድምፅ ብቻ። እንግዶቹ ምሳቸውን እዚያው የሠራተኛው ካፌ በሉ፤ ከሰዓት ብድሩን ፈረሙ። በበጋ ሁለተኛ ፈረቃ ተጠራ፤ የዚያች አኩራፊ ሴት ባልም በዚያው ነው የገባው። በዓመቱ ግሬንዲን ውስጥ ዊሎው የሌለበት መንገድ አልነበረም።

ሐሙስ ሃስኬል ቨርናን አስጠራት። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይና ሬንፍሮ ተቀምጠዋል።

«ሚስዝ ኩባሌክ» አለ ሃስኬል፣ «ማክሰኞ ባይነግሩን ኖሮ ዛሬ ፋብሪካ የለንም። ያን ዕለት ባይሰቅሉት ኖሮ ደግሞ ማክሰኞ የሚነግሩን ነገር አይኖርም ነበር። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም ጌታዬ።»

«ደንቡ ማባረር ይላል።»

ሬንፍሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንቡ ያልተናዘዘውን ነው የሚያውቀው» አለ። «የተናዘዘ ሰው ገጥሞን ስለማያውቅ።»

የሦስት ወር እገዳ ፈረዱባት። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ሕክምና፣ ከአገልግሎት የማይቆጠር ሦስት ወር። ከዚያ ተመልሳ የቀሯትን ሰባት ወራት ትሞላለች። ፈረመች።

ሦስቱ ወራት የኤልመር ሐሙሶች የተቋረጡባቸው ናቸው። እሱ አልወቀሳትም። ሳሉን ጎተራ ሄዶ ነው የሚስለው፤ እሷ ደግሞ እንዳልሰማች ሆና ድንች ትልጣለች። በሌሊት ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከፋብሪካው ሰዎች አንዳንዱ መንገድ ላይ ኮፍያውን ያነሳላታል፣ አንዳንዱ ይሻገራል። ሊሮይ ስትራውድ አንድ ቅዳሜ ሳይጠራ መሰላል ይዞ መጥቶ የዘመመውን የጣሪያ አሸንዳ አቃንቶ ሄደ። «ቡና?» ስትለው «አይ» አለ።

ጁላይ ላይ ሦስቱ ወር ሞላ። ዘበኛው በሩ ላይ የስም ዝርዝሩን በጣቱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ቨርና የጣቱን ጥፍር ታያለች።

«ኩባሌክ፣ ቨ.» አለ። «ግቢ።»

ከመግባቷ በፊት በዘበኛው ስልክ ቤት ኤልመር ዘንድ ደወለች።

«ገባሁ» አለችው።

ከማዶ ረጅም ሳል መጣ፤ እስኪያልቅ ጠበቀችው።

«በይ ደግ» አለ ኤልመር። «ሐኪም ቤት ልደውል፤ ለነገው ሐሙስ ቦታ ካላቸው።»